አራስ ያለችበትን ቤት ልቀቁ አይባልም

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን የማያውቅ ሰው ጎባ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሚኒባስ ስሳፈር ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጬ መንገዱን አብሬው ነው የምነዳው፤ ቀኝ እግሬ ፍሬን ሲረግጥ ይውላል። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ መቆለፌን ለማየት ከገበያ እመለሳለሁ። ትምህርቴ ገና ስሜን መጻፍ ስጀምር ነው የተቋረጠው፤ የቀረውን ከልጆቼ ደብተር ላይ ነው የለቀምኩት። ስለዚህ ፊርማ ያለበትን ነገር ሁሉ ሦስት ጊዜ አስነብቤ ነው የምነካው።

ቤቴን የሸጥኩትም ከፍርሃት ነው። ትልቋ ልጄ ሮቤ ኮሌጅ ገባች። ጠዋት ከጎባ ትሄዳለች፣ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። መንገዱ ቅርብ ነው፣ አስፋልት ነው፣ አገሩ ሁሉ የሚመላለስበት ነው። እኔ ግን ጭጋግ ከተራራው በወረደ ቁጥር ነጠላዬን አጣፍቼ መናኸሪያው ደጅ እቆማለሁ።

"እማዬ፣" አለችኝ አንድ ቀን፣ "ሹፌሮቹ እኮ 'የፈሪዋ ልጅ፣ ግቢ' እያሉ ነው የሚጠሩኝ።"

"ሲጠሩሽ ቆመው ነው ወይስ እየነዱ?" አልኳት።

እንዲህ ሆኖ አይዘለቅም ብዬ ጎባን ሸጬ ሮቤ ልግዛ አልኩ። አባታቸው ካረፈ ወዲህ ብቻዬን የቆረጥኩት ትልቅ ነገር ይሄ ነው። ከቆረጥኩ በኋላ እህል አልወርድ አለኝ፣ ግን ቆረጥኩ።

ገዢ ወዲያው ተገኘ። ከደሎ መና ማር እያመጣ የሚሸጥ፣ ሰፊ፣ ሳቂታ ሰውዬ ነው። ለእኔም ሮቤ ላይ የምወደው ዓይነት ቤት ተገኘልኝ፤ ግቢው ጠበብ ያለ፣ ከኋላው ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ያሉት፣ ኮሌጁ በእግር የሚደረስበት። ባለቤቶቹ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ወጣትና እርጉዝ ሚስቱ ናቸው። እነሱ ደግሞ እዚያው ሮቤ ከአንድ ሽማግሌ ሰፋ ያለ ቤት ገዝተዋል። ሽማግሌው ሚስታቸው ከሞቱባቸው በኋላ ወደ ሲናና፣ ልጃቸው እርሻው ላይ ወደሚሠራላቸው ቤት ሊሄዱ ነው። ሁላችንንም ያገናኘን አንድ ደላላ ነው።

"እህቴ፣ ይሄ ቀላል ነው፣" አለኝ ደላላው። "ሽማግሌው ሲወጡ ባልና ሚስቱ ይገባሉ። እነሱ ሲወጡ አንቺ ትገቢያለሽ። አንቺ ስትወጪ ማሩ ይገባል። በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር ነው።"

"ሽማግሌው ባይወጡስ?"

"ምን ነካሽ፣ ሰውዬው እኮ ፍራሻቸውን ሳይቀር አስረዋል።"

ስለዚህ ፈረምኩ። ጥር ሲገባ የጎባውን ቤት ለማር ነጋዴው አስረክባለሁ ብዬ፣ ፊደል በፊደል ስሜን ጻፍኩ። ደላላው "ቆንጆ ጽሕፈት ነው" አለኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሉን ቢያስረዳኝ እንኳ እንደዚያ አያጽናናኝም ነበር።

ህዳር ገባ። ማንም ከየትም አልወጣም። ደላላውን ስደውልለት "ነገ" ይላል፤ በማግስቱ ስደውልለት "ትናንት ያልኩሽ ነገ ዛሬ አይደለም" ይላል። ራሴ ልየው ብዬ ሮቤ ወረድኩ፤ ሽማግሌውን በረንዳቸው ላይ፣ ተጠቅልሎ በታሰረው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"አካም ጅርቱ፣ አባባ፣" አልኳቸው በኦሮምኛ።

"ነጋያ፣ ኢንተለ ኮ፤ ደህና ነኝ፣ ልጄ። ያቺ የጎባዋ ነሽ?"

"ነኝ። እንዲያው ጉዞዎ መቼ ይሆን ብዬ ነው።"

"የሲናናው ቤት አልተመረገም።"

"ለምን ሳይመረግ ቀረ?"

"ጭድ የለማ፣ ልጄ።"

ሲናና ላይ ጭድ የለም ሲባል በዕድሜዬ የሰማሁት ያኔ ነው። እስከ ዓይን ዳርቻ ስንዴ የሆነ አገር። "የአምናውስ?" አልኳቸው።

"የአምናውን ከብት በላው።"

"ከጎረቤት ቢገዛስ?"

ሚስት ተበደሩ ያልኳቸው ይመስል አዩኝ። "ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የራሴን ስንዴ ነው የበላሁት። የመጨረሻ ቤቴን በሰው ጭድ አላስመርግም። አዲሱ ስንዴ ይታጨድ፣ ጭዱ ይውጣ፣ ጭቃው ይቦካ። ሳይመረግ ብገባ ንፋሱ በግድግዳው ይገባል፣ እኔ በበሩ እወጣለሁ። ያውም ተሸክመው ነው የሚያወጡኝ።"

"ታዲያ ስንዴው ለምን አይታጨድም?"

እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። ካፊያ ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ ሊሄድ ተሰናብቶ በር ላይ ቆሞ የሚያወራ እንግዳ ሆነብን። እርጥብ ስንዴ ደግሞ ማጨጃው ኮምባይነር አይገባበትም።

ወደ ጎባ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ነገሩን በጣቴ ደረደርኩት። ማር ነጋዴው እኔን ይጠብቃል። እኔ ባልና ሚስቱን እጠብቃለሁ። እነሱ ሽማግሌውን ይጠብቃሉ። ሽማግሌው ጭድ ይጠብቃሉ። ጭዱ ኮምባይነር ይጠብቃል። ኮምባይነሩ ፀሐይ ይጠብቃል። ፀሐይዋ ማንን እንደምትጠብቅ አላወቅኩም። ይህን ሳስብ ፍሬን መርገጤን ረስቼ ሮቤ መንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልፈራ ጎባ ደረስኩ።

ፀሐይዋ መጣች። ምድሩ በአንድ ጊዜ ክው ብሎ ደረቀ፤ ኮምባይነሮቹም ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ማሳው ላይ ተርመሰመሱ። የሽማግሌው ስንዴ ታጨደ፣ ጭቃው ተቦካ፣ ቤቱ ተመረገ፣ በዚያ ፀሐይም ፈጥኖ ደረቀ። ታኅሣሥ ሲገባ ሽማግሌው ፍራሻቸውን ጭነው ሄዱ። ደላላው ሲደውልልኝ ድምፁ ራሱ አዲስ ልብስ የለበሰ ይመስል ነበር። እኔም ድስቶቼን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመርኩ።

በዚያው ሳምንት እንደገና ደወለ። አሁን ድምፁ ወርዷል።

"እህቴ፣ ወለደች።"

"ማን?"

"የጨርቅ ነጋዴው ሚስት ናታ። ቀኗ ሳይደርስ። ወንድ ልጅ ነው፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።"

እልል ማለት ሲገባኝ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሌላ አገር እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። እኛ ጋ አራስ ያለችበትን ቤት ልቀቁ አይባልም። የትም አልተጻፈም፣ ዳኛም አይፈርድበትም፤ ግን እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል። አራስ አርባዋን ሳትጨርስ ደጅ አትወጣም፣ ነፋስ አይነካትም፤ ዕቃ እየተጎተተ በሯ ላይ አቧራ አይነሳም። ባልየው እንኳ "እንወጣለን" ቢል "ተው፣ አንተ ምን ታውቃለህ" ይባላል። እና አርባ ቀን ሲቆጠር ጥርን አጋምሶ ያልፋል። እኔ የፈረምኩት ጥር ሲገባ ነው።

ማር ነጋዴው ቤቴ መጣ። ጫማውን በር ላይ ጠራርጎ ገባ፣ ልጆቼን ሰላም አለ፣ ስለ ብርዱ አወራ፣ ማሩ ጀሪካን ውስጥ እንደረጋበት ነገረኝ። መጨረሻ ላይ ነው ወደ ነገሩ የመጣው።

"እቴ፣ እኔ አልቸኩልም፣" አለኝ። "የምትቸኩለው ባለቤቴ ናት። እሷ ደግሞ ከነልጆቹ ከደሎ መና ልትነሳ ነው። እዚህ የተከራየሁትን ክፍል ባለቤቱ ልቀቅልኝ ብሎኛል።"

"አልፈርድብህም።"

"እኔም አልፈርድብሽም። ግን ይዣቸው የት ልግባ? ማሩ ላይ አላስተኛቸው።"

ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከሄደ በኋላ ትንሿ ልጄ በጋዜጣ ከተጠቀለሉት ድስቶች መሃል ተቀምጣ "እማዬ፣ እነሱ ሲገቡ እኛ የት ነው የምንተኛው?" አለችኝ። ጥያቄው ይኸው ነበር። ስዞረው የከረምኩት እሱን ነው። ሌላ ጊዜ የምፈራው ያልመጣ ነገር ነው፤ ይሄኛው ግን እየመጣ ነው፣ ወሩም ይታወቃል። "አንድ ቦታ" አልኳት። እሷም ልጅ ብትሆንም "አንድ ቦታ" የሚባል ቦታ እንደሌለ አውቃለች፤ ፊቷ ላይ አየሁት።

በማግስቱ ለገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄትና ለጋ ቅቤ ይዤ ሮቤ ሄድኩ። አራስ ልጠይቅ ነው ብዬ ለጎረቤት ተናገርኩ፤ ውሸትም አይደለም። በልቤ ግን ባልየውን በር ላይ ብቻውን ካገኘሁት ቀስ ብዬ ልጠይቀው ነበር። ምን ብዬ እንደምጠይቀው እንኳ አላውቅም። መንገዱን ሙሉ ስለማመድ "እንዲያው" ከሚለው ቃል አላለፍኩም።

ግቢው ውስጥ በግ ታስሯል። ሳሎን ስገባ ሽማግሌው ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሃል አድርገው ተቀምጠዋል። ከሲናና ነው የመጡት። ከጎናቸው ማር ነጋዴው፣ እግሩ ሥር ጀሪካን። ሦስታችን ተያየን።

"እንኳን ደስ ያላችሁ ልበል ብዬ ነው፣" አለ ማር ነጋዴው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

"እኔም፣" አልኩ።

"በጉን ላድርስ ብዬ ነው፣" አሉ ሽማግሌው። ኪሳቸውን ዳበስ ሲያደርጉ ቁልፍ ተንኳኳ። በኋላ እንደገባኝ፣ የሸጡት ቤት ባዶውን ተዘግቶ ስለቆመ ሌባ እንዳይገባበት እየፈሩ በየሁለት ቀኑ ከሲናና እየመጡ ይጠብቁታል። ቁልፉን አስረክበው መገላገል ነው ያማራቸው። ግን እሳቸውም አፍ አውጥተው አላሉትም።

አራሷ ሳሎኑን በከፈለው መጋረጃ ጀርባ ነው የተኛችው። ወንዶቹ በዚህ በኩል ተቀምጠው ስለ ስንዴ ዋጋ አወሩ። ከዚያ ስለ ውርጭ አወሩ። ከዚያ ማር ነጋዴው "ቤቱ ይሞቃል አይደል?" አለና፣ 'ቤት' የሚለው ቃል ከአፉ በመውጣቱ ደንግጦ ስኒውን አነሳ። ስኒው ባዶ ነበር፤ ከባዶው ጠጣ።

እኔ ሴት ነኝና መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ልጅ እግር ናት፤ ከትልቋ ልጄ ብዙም አትበልጥ። ሕፃኑ እንደ ጓንት ትንሽ ነው። ከአፌ አምልጦኝ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አልኳትና እስላም መሆኗ ትዝ ሲለኝ ምላሴን ነከስኩ።

"አሜን፣ አዮ፣" አለችኝ፣ እናቷን እንደምትጠራ። "እኛም ለወሊድ እሷን ነው የምንጠራው፤ እናቴም ሶፍ ዑመር ሆና ማርያምን ስትለምንልኝ ነው የከረመችው። እግሯ ባይሰበር መጥታ ታርሰኝ ነበር።"

"ታዲያ ማን ነው የሚያርስሽ?"

"የባሌ እህት ነበረች፤ ፈተና ደርሶባት ሄደች። አሁን እሱ ነው።"

"እሱ ማን?"

በዓይኗ ወደ ጓዳ ጠቆመችኝ። ባልየው፣ ያ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ እጁ እንደ ማሽን የሚሄደው ሰውዬ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ገንፎ ያገነፋል። እየተቆጣ ነው የሚያገነፋው። ድስቱን አየሁት፤ እንቁላል የተቀቀለበት ይመስላል፣ ያን ያህል ጓጉሏል።

"ወንድሜ፣ አምጣው፣" አልኩት። ማማሰያውን ለቀቀልኝ፤ ለትሕትና እንኳ አልተግደረደረም። የእኔን ዱቄት ጨምሬ አስተካከልኩት። የነቢያት ጾም ስለነበር ቅቤውን ሳደርግበት አልቀመስኩም፤ ጨውን በግምት ነው የጣልኩት። ይዤላት ስገባ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

"ጨው ጎድሏል፣" አለች። "ግን እሱ ካገነፋው ጋር አንድ አገር አይደለም።"

ስትበላ አልጋው ሥር ያለውን የፍም ማንደጃ አየሁ። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ፍሙ ቀልቶ ይነድዳል። ፈሪነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ። ማንደጃውን አንስቼ ወደ ደጅ አወጣሁት፤ መስኮቱን ከራስጌዋ ራቅ ባለው በኩል ከፈት አደረግኩ። "ብርድ ልብስ ይደረብ እንጂ ፍም እዚህ አይደርም" አልኩ። እሷም ራሷን ሲያማት እንደሰነበተ ነገረችኝ፤ ከወሊዱ መስሏት ነበር። ሕፃኑን አንስቼ ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግኩ። ይተነፍሳል፤ እንደ ድመት ያንኮራፋል።

ከመጋረጃው ወዲያ ሽማግሌው ስለ ጥንት ውርጭ ጀምረዋል። አራሷ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

"አዮ፣ ሁላችሁም የመጣችሁት ስለ ቤቱ ነው፣ አይደል?"

እንዴት ብዬ ልካድ? "አንቺን ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣" አልኳት። "ቤቱ ተከትሎኝ ነው የመጣ።"

ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ። "እኔ ከዚህ አልወጣም። እናቴ አርባሽን ሳትጨርሺ እንዳትወጪ ብላ አስምላኛለች። ግን አንቺ እንዳትገቢ ማን ከለከለሽ?"

"የት ነው የምገባው?"

"ሰርቪሶቹ ባዶ ናቸው። ሁለት ናቸው። ልጆችሽን ይዘሽ ነይ፤ እኔም የሚያርሰኝ አገኛለሁ።"

ገና ሲታሰብ ስንት ነገር ፈራሁ መሰላችሁ። ሥጋችን አንድ አይደለም፣ ድስታችን ሊቀላቀል ነው። ልጆቼ ይጮሃሉ፣ ሕፃኑ ይነቃል። ሕፃኑ ቢታመም በእኔ እጅ ሆነ ይባላል። ባልየውስ ምን ይላል? ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ እሷ አንገቷን ወደ መጋረጃው መለስ አድርጋ፣ አራስ በማይመስል ድምፅ ተናገረች።

"አቦ ኮ፣ አባቴ፣ ቁልፉን ለባሌ ይስጡት፤ ማታ ማታ እሱ እዚያ ሄዶ ይደር፣ እርስዎም ይረፉ። አዮ ነገ ሰርቪሱ ውስጥ ልትገባ ነው።"

ማር ነጋዴው "አልሃምዱሊላህ" አለ፤ ከልቡ ስለሆነ ሕፃኑ ነቃ። ሽማግሌውም ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ትከሻቸው ሲወርድ አየሁት። ባልየው ከጓዳ ብቅ አለ፤ እጁ ላይ ሊጥ ደርቋል። የተቃዋሚ ፊት አልነበረውም። የሆነ ሰው ከእስር የፈታው ነው የሚመስለው።

"ማሬን በማመላልስበት መኪና ዕቃሽን እኔ አመጣልሻለሁ፣" አለኝ ማር ነጋዴው። "ድስቶችሽ ትንሽ ቢጣፍጡ ግን አትውቀሺኝ።"

እንዲህ ሆኖ የገና በዓል ሳይደርስ በገዛሁት ቤት በእንግድነት ገባሁ። ልጆቼ ሰርቪሱን ወደዱት፤ ትልቋ ወደ ኮሌጅ በእግሯ ሄዳ በእግሯ መመለስ ጀመረች። የመጀመሪያ ቀን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። "እማዬ፣ መንገድ ማቋረጥ እኮ ነው፣" አለችኝ። በሁለተኛው ቀንም ቆምኩ።

ድስቱን ለየን። የእነሱ በግ ሲታረድ እኔ ጓሮ ሄጄ ጎመን ቆረጥኩ። ጾሙ እስኪፈታ ገንፎውንም አጥሚቱንም ሳልቀምስ ሠራሁ፤ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ "ጨው" ወይም "ተይው" ትለኛለች፤ እኔ እጄ እሷ ምላሷ ሆነን ሰነበትን። ለገና ባልየው ዶሮ ከነነፍሷ ገዝቶ መጣ፤ "የእናንተ ሰው ይባርካት፣ እኔ አላውቅም" አለኝና ከጎረቤት ክርስቲያን ጠርቶ አመጣልኝ። ያን ዶሮ እየበላሁ ሳቅም ዕንባም መጣብኝ፤ በርበሬው ነው አልኩ።

ሕፃኑ ወፈረ። ደረቱ ላይ ጆሮዬን ማድረግ ግን አልተውኩም። እሷም ከእኔ ተምራ ታደርጋለች። አንድ ቀን ሁለታችን በሁለቱም በኩል ጆሯችንን አድርገን ስናዳምጥ ባልየው ገባና "ሬዲዮ ነው እንዴ?" አለን።

አርባው ሞላ። እኔ ቀኑን እየቆጠርኩ ነበር፤ መጀመሪያ እንዲያልቅ፣ ኋላ ደግሞ እንዳያልቅ። ጠዋት ስነሳ ውርጩ ሳሩን አንጥቶታል፤ የባልዲው ውሃ ላይ በረዶ ተጋግሯል። ባልየው መኪና ሊጠራ ስልኩን አነሳ። እጁን ያዝኩት።

"ልጁን በዚህ ብርድ ልታወጣው ነው?"

"አርባው ሞላ እኮ።"

"ብርዱ አርባ መሙላቱን አያውቅም። ትንሽ ይለፍ።"

ወደ ሚስቱ አየ። እሷ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን እያጠባች፣ እንዳልሰማ ሰው ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ጀርባዋ ግን ይስቃል።

ረፋዱ ላይ ደላላው ደወለ።

"እህቴ፣ ወጡ?"

"አልወጡም።"

"አሁን ደግሞ ምን ተገኘ? ማን ነው የያዛቸው?"

"እኔ ነኝ።"

ስልኩ ውስጥ የገበያ ጫጫታ ይሰማል፤ ሰው በግ ይዋዋላል።

"እህቴ፣ ቤቱ እኮ ያንቺ ነው።"

"አውቃለሁ፣" አልኩት። "ለዚያ ነው ቆዩ ያልኳቸው።"

ስልኩን ዘጋሁና የሕፃኑን ጨርቆች ይዤ ወደ ፀሐዩ ወጣሁ።